ለቅሶ ደራሿ ኮሮላ

የሽመክት ኮሮላ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ዲላ በሙሉ ይሰማል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጨዋ ናት፤ ትንፍሽ አትልም። መሪውን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ጠምዘዝ ያደረገው እንደሆነ ግን አለቀ፤ ከሆዷ ማቃሰት ትጀምርና መሪው ጫፍ ሲደርስ እዬዬዋን ታቀልጠዋለች። ገበያ ዳር ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች "ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?" እየተባባሉ ይስቃሉ። የባጃጅ ሾፌሮችማ ስም ለማውጣት ሁለት ሳምንት አልፈጀባቸውም፤ "ለቅሶ ደራሽ" አሏት። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ፣ የከተማው ግማሽ "ቲቸር" እያለ ከመቀመጫው የሚነሳለት ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ ሊያርፍ ሲል የለቅሶ ደራሽ ሾፌር ሲባል ደስ ይለዋል? አይለውም እንጂ! ግን አፉን ሞልቶ ማማረር አይችልም። የመኪናዋን መድኃኒት የሚያውቀው ሰው አንድ ኡስማን ብቻ ነው፤ ከኡስማን ጋር ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ ተኳርፈዋል።

ኡስማን መካኒክ ነው። ጋራዡ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ድረስ አብሮት ሄዶ፣ ከኮሮላዋ ሥር ተንጋሎ አይቷት፣ "ይቺን ግዛ፣ ሌላውን ተወው" ያለው እሱ ነው። ሽመክትና ሚስቱ ኤልቤቴል ልጅ አልወለዱም፤ የኡስማን ልጅ ሀዲጃ ናት ልጃቸው። ሰባት ዓመቷ ሳለ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ ወለል ሳይነካ፣ ሽመክት ዞሮ "ስታገቢ በዚህች መኪና ነው የምወስድሽ" አላት። ኡስማን ከውጭ ሰምቶ "ቃል ነው?" አለ። "ቃል ነው" ተባባሉ፣ ተጨባበጡም።

ታዲያ ምን አጣላቸው? ባለፈው ሰኔ ኡስማን የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረውን ቺንጋ ቀየረለት። ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ ማልቀስ ጀመረች። ሽመክት ረጋ ብሎ "እስኪ እያት፣ ምን ሆና ነው?" ቢል ምን ነበረበት? ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጋራዡ በሰው ጢም ባለበት ሰዓት ሰተት ብሎ ገብቶ፣ "ደህናውን ፓምፔን አውጥተህ የሰው አሮጌ አስገባህብኝ!" አለ። ኧረ በስመ አብ! መካኒክን እንዲህ ከምትለው በጥፊ ብትመታው ይሻለዋል። ኡስማን አልጮኸም። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ የሽመክትን ቁልፍ ከተሰቀለበት አውርዶ በእጁ አስጨበጠውና "በሩ ያውልህ" አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የለም።

ሽመክት እልህ ይዞት ሀዋሳ ሄደ። እዚያ "ፓምፕ ቀይሩልኝ" አለ፣ ቀየሩለት። የተፈታውን ፓምፕ በካርቶን ይዞ፣ እያፏጨ ዲላ ገባ። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሪውን ሲያዞር... እዬዬ! ዜማው እንኳ አልተለወጠም። መኪናዋን ዳር አስይዞ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ሌላውም ፓምፕ ካለቀሰ የፊተኛው ምን በደለ? ኡስማንስ ምን በደለ? ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ተማሪዎቹን ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው። አንዱን ነገር ቀይረህ ውጤቱ ካልተቀየረ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ማወቁን አወቀ፤ የኡስማን በር ላይ ቆሞ "አጥፍቻለሁ" ማለት ግን እንደ ተራራ ከበደው። ኤልቤቴል "ሂድና ይቅርታ ጠይቀው" ባለችው ቁጥር፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ልወቅ" ይላል።

"ኩራትህ ላይ ነው ያለው፣ ምን ያስፈልገዋል" ትለዋለች።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ጥር ገባ። የሀዲጃ ሠርግ እሁድ ሊሆን፣ አርብ ቀትር ላይ ባጃጅ መጥታ በራቸው ላይ ቆመች። ኤልቤቴል ብቅ ብትል ሀዲጃ ናት። ሁለት እጆቿን እንደ ተማረከ ወታደር ወደ ላይ አንስታለች፤ ከጣቷ ጫፍ እስከ ክንዷ ሂና ነው፣ ገና አልደረቀም።

"እትዬ፣ በሩን ይክፈቱልኝ! ምንም መንካት አልችልም!"

ኤልቤቴል እልልታውን ለቀቀችው። ሽመክት ከውስጥ ሮጦ ወጣ፤ ሊስማት ጎንበስ ሲል "ቀስ ጋሼ፣ ሂናውን!" አለችው፣ በግንባሯ ትከሻውን ገፋ አድርጋ።

"አባዬ ጁምዓ ሄዷል፣ እናቴ እንቅልፍ ወስዷት ነው ያመለጥኩት። አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ" አለች። "ጋሼ፣ እሁድ በማን መኪና ነው የምሄደው?"

ሽመክት ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። "ሙሽራው አዲስ መኪና ተከራይቷል አሉ እኮ።"

"ለአብዱልአዚዝ ነግሬዋለሁ። በጋሼ መኪና ካልሆነ በእግሬ ነው የምመጣው ብየዋለሁ። መጀመሪያ ሳቀ፤ የምሬን እንደሆነ ሲያውቅ ሳቁን አቆመ።"

"ልጄ፣ ሙሽራ እንዴት በለቅሶ ደራሽ ትሄዳለች? ዘፈኑ ሲደምቅ እሷ መታጠፊያ ላይ ዋይ ስትል? እንግዳው ምን ይላል?"

"እንግዲያው ለቅሶዋን እናስተዋታ።"

"ሰባት ወር ያቃተኝን በአንድ ሰዓት?"

"ኮፈኑን ይክፈቱ" አለች ሀዲጃ፣ ክርክሩን አቋርጣ።

አሁን ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ያደገችው ግን የአባቷ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴና ፒንሳ እያቀበለች ነው። ወንበር አስመጣችና ከሞተሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እጆቿ አሁንም ወደ ላይ ናቸው።

"ያስነሱና መሪውን ያዙሩ።"

አዞረ። እዬዬ! ሀዲጃ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሽመክት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አያት፤ ቁርጥ ኡስማንን ነው የምትመስለው።

"በቃ ያጥፉት። ቺንጋ ቢሆን ይጮኽ ነበር፤ ይሄ ግን ያቃስታል። 'የሚያቃስት ፓምፕ ዘይት የጠማው ነው' ይላል አባዬ።"

"ዘይቱማ ሙሉ ነው! በየሳምንቱ አያለሁ።"

"ዕቃው ውስጥ ሙሉ ነው። ፓምፑ ጋ ይደርሳል ወይ? ጋሼ፣ ፊዚክስ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ገንዳው ሞልቶ ቧንቧው ከታፈነ ውኃ ይመጣል?"

ሽመክት ይኼንኑ ገንዳ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥሎታል። ኤልቤቴል ከበስተኋላ ሆና በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ወዲያው ገብታ የወጥ ቤት ሽርጧን ይዛ መጣችና ወገቡ ላይ አሰረችለት፤ አበባ ያለበት፣ ጫፉ ላይ ዳንቴል የዞረበት ሽርጥ ነው። "ሸሚዝህን አላጥብም" አለች፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር።

ሀዲጃ ታዛለች፣ እሱ ይሠራል። "የጎማ ቱቦውን የያዘውን ቀለበት በፒንሳ ጨመቅ ያድርጉት። አዎ። ከሥር ጣሳ ያድርጉ እንጂ፣ ሊፈስ ነው! አሁን ሁለቱን ብሎኖች ይፍቱ። ወደዚያ ሳይሆን ወደዚህ! ጋሼ፣ እያጠበቁ እኮ ነው!" እሱ ያልበዋል፣ ያቃስታል፤ መነጽሩ እየተንሸራተተ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይደርስና ኤልቤቴል በጣቷ ትመልስለታለች። በመጨረሻ የመሪው ዘይት ማጠራቀሚያ ተነቅሎ እጁ ላይ መጣ፤ የሻይ ብርጭቆ ሁለት እጥፍ የምታህል የፕላስቲክ ዕቃ ናት።

"ዘይቱን ይገልብጡትና ወደ ፀሐይ አድርገው ውስጡን ይዩ። ታች ወንፊት አለ፤ ይታያል?"

"ወንፊት አይታይም።"

"እንዴት አይታይም?"

"ፀጉር መሰል ነገር ለብሷል።"

ኤልቤቴል ቅንድብ መንቀያዋን አመጣች። ሽመክት ወደ ውስጥ ሰደደና ያዝ አድርጎ ሳበ። ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ፤ የተጠላለፈ፣ ዘይት የጠጣ፣ ጥቁርና ቀይ የሆነ የክር ጉንጉን ነው። ቤንዚን ውስጥ ነክሮ አሸት ሲያደርገው ነጣ አለ። በጣቱ ቢጎትተው አይበጠስም።

"ይሄማ ቃጫ ነው" አለች ኤልቤቴል። "የእንሰት ቃጫ። መኪና ውስጥ ማን ጨመረው?"

ሽመክት ክው አለ። ጆሮው ድረስ ጋለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በደስታ ይገባ ነበር።

ኡስማን ቺንጋውን በቀየረ በሁለተኛው ቀን፣ ይርጉ የሚባለውን የድሮ ተማሪውን ሊጠይቅ ኢዲዶ ወደሚባል መንደር ሄዶ ነበር። ሊመለስ ሲል ለይርጉ እውቀቱን ሊያሳይ ፈለገና ኮፈኑን ከፍቶ "ይሄ የመሪ ዘይት ነው፣ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል" ብሎ አስተማረ። ክዳኑን ፈትቶ የጎማው መሸፈኛ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ክዳኑን እዚያው ረስቶ ነዳ። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ኮፈኑ ሥር ዘይት ሲረጭ ገባው። ተመልሶ ከይርጉ ጋር ጭቃ ለጭቃ ፈለጉ፤ ክዳን የለም። ይርጉ ከጓሮው ነጭ ቃጫ አምጥቶ "ቲቸር፣ ምን አስጨነቀህ? እኛ ሁሉን በዚህ ነው የምንደፍነው" አለና ጠምዝዞ፣ ጠምዝዞ አፉን ወተፈለት። ሽመክት እንደዚያው እየነዳ ዲላ ገባ። በማግሥቱ ክዳን ገዝቶ ገጠመ፣ ቃጫውን ነቅሎ ጣለ። ሲነቅለው ከገባው ቀጭን መሆኑን ልብ አላለም። የፊዚክስ መምህር ክዳን ጣለ እንዳይባል ለማንም አልተነፈሰም፤ ለኤልቤቴል እንኳ።

አሁን ግን ተነፈሰ። ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ቃጫውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። "እኔ ነኝ" አለ ሲጨርስ። "እኔው አንቄያት እኔው ኡስማንን ሌባ አልኩት።"

ሀዲጃ በሳቅ ፈነዳች። እንዴት እንደሳቀች! እጆቿን እንዳነሳች ከወንበሯ ልትወድቅ ስትል ኤልቤቴል ደግፋ ያዘቻት፤ እሷም እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ሽመክት መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አፈረ፣ ቀጥሎ እሱም ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ከሳቀ ሰባት ወር ሆኖታል።

ወንፊቱን በቤንዚን አጠቡት፣ መልሰው ገጠሙት፣ ቀዩን አዲስ ዘይት ሞሉ። ሀዲጃ ሽመክትን የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አስነሳችውና "ሞተሩን ያስነሱና መሪውን ከጫፍ ጫፍ ሃያ ጊዜ ያዙሩ፣ ውስጥ የገባው አየር ይውጣ" አለች። ሽመክት ያዞራል፣ ኤልቤቴል ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ዘይቱ ይንቦጫቦጫል፣ አረፋ ይደፍቃል። አምስተኛው ላይ መኪናዋ አለቀሰች። ዘጠነኛው ላይ ተንሰቀሰቀች። አሥራ አራተኛው ላይ እህ ብላ ተወችው። ሃያኛው ላይ የጎረቤት ሬዲዮ ተሰማ፤ ዜና ያነባል። ሽመክት እንደገና አዞረ፣ እንደገና። ጸጥ! ኤልቤቴል እልልታዋን አቀለጠችው።

ሀዲጃ ወደ ባጃጇ ስትመለስ ሽመክት ተከትሏት ወጣ። "አባትሽስ?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሁድ በሩ ላይ ሲያየኝ ይመልሰኛል።"

"ሊመልስዎት ይችላል" አለች ሀዲጃ፣ አሁን ሳትስቅ። "ጋሼ፣ እኔ የቻልኩት መሪውን ነው። የአባዬን ነገር እርስዎ ያውቃሉ።"

ቅዳሜ ጠዋት ኤልቤቴል ስትወጣ ሽመክት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ይመርጣል። በአባቱ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ይሸከማል፤ ይህን ታውቃለች። ቢሆንም እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ድንጋይ ምን ያደርግልሃል? የወነጀልከው በድንጋይ ነው?" አለችውና ከሀዋሳ በካርቶን የመጣውን ፓምፕ አምጥታ አስታቀፈችው።

ጋራዡ እንደዚያኛው ቅዳሜ በሰው ተሞልቷል። ሽመክት መኪናዋን በር ላይ አቁሞ፣ ፓምፑን ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ በሁለት እጁ ደግፎ ገባ። የተረፈው ዘይት በሸሚዙ አንገትጌ ወደ ጀርባው ይወርዳል። ኡስማን ግን የለም፤ አንድ አይሱዙ ሥር ሁለት እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ሽመክት እግሮቹ ፊት ቆመ። ሰው እግር ያናግራል? ያን ቀን ሽመክት አናገረ።

"ኡስማን፣ ሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፣ ሰው ፊት ልናገር። ፓምፔን አልቀየርክም። ይኸው፣ የራሴው ነው፤ ጤነኛ ነው። ክዳኑን የጣልኩት እኔ ነኝ። ኢዲዶ ላይ ቃጫ ወትፌ የነዳሁት እኔ ነኝ። ቃጫው ወንፊቱን አፍኖት ነው መኪናዋ ያለቀሰችው። አንተ ንጹሕ ነህ፣ እኔ ባለጌ ነኝ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ።"

እግሮቹ አልተንቀሳቀሱም።

"ቃጫ?" አለ ኡስማን ከሥር።

"ቃጫ።"

"ማነው ያገኘው?"

"ሀዲጃ ናት።"

"በሂና እጇ?"

"አልነካችም። እሷ አዘዘች፣ እኔ ፈታሁ።"

"አንተ ፈታህ? ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቃለህ?"

እግሮቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሰዉ ሁሉ ኡስማን ያለቀሰ መስሎት ደነገጠ፤ ለካ እየሳቀ ነው። ተንሸራትቶ ወጣ፣ ተነሳ፣ ፓምፑን ከሽመክት ማጅራት ላይ አውርዶ በእጁ መዘነው። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

"ሰባት ወር እዚህ መታጠፊያ ላይ ስትዞር ሰማኋት" አለ። "ወንፊቱ ታፍኗል እል ነበር ለራሴ። የአንድ ሰዓት ሥራ! ሮጬ ወጥቼ ላቁምህ እልና ያልከኝ ትዝ ይለኛል፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። መኪናዋ አንጀቴን በላችው እኮ፣ ሽመክት። ምናለ እሷን እንኳ ብትልካት?"

ሽመክት "ይቅር በለኝ" ብቻ አለ።

"ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ" አለ ኡስማን፣ እጁ ጥቁር እንደሆነ አቀፈው። የነጩ ሸሚዝ ነገር በዚያው አበቃ። ጋራዡ በጭብጨባ ቀለጠ፤ የአይሱዙው ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። ኡስማን እንባውን በክንዱ ጠርጎ "በል ኮፈኑን ክፈት፣ ምን እንዳደረጋችኋት ልያት" አለ።

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሮላዋ በሪባን ተሸልማ የኡስማን በር ላይ ቆመች። ሀዲጃና አብዱልአዚዝ ከኋላ ገቡ። ዘፈኑ፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ሌላ ነው። በእነ ኡስማን ቤት ወግ የሙሽራ አባት ልጁን በር ላይ መርቆ ይቀራል እንጂ አብሮ አይሄድም። ኡስማን መረቀ። በሩን ዘጋላት። መስታወቱን ነካ አደረገ። ሽመክት ማርሽ አስገብቶ ሊነሳ ሲል የፊተኛው በር ተከፍቶ ኡስማን ጎኑ ገብቶ ተቀመጠ።

"አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?" አለች ሚስቱ ከውጭ።

"የመሪው ድምፅ እንደገና እንዳይነሳ" አለ ኡስማን፣ ወደ ማንም ሳያይ። "እየሄደች ካልሰማኋት አይታወቅም።"

ማንም አልተከራከረውም። መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ከኋላ ተከተሉ። ሽመክት በመጀመሪያው መታጠፊያ መሪውን አዞረ፤ ትንፍሽ የለም። በሁለተኛው አዞረ፤ ትንፍሽ የለም። ኡስማን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከኋላ ሀዲጃ ለባሏ የሆነ ነገር ነግራው ትስቃለች። ሽመክት በጎን ሲያይ የኡስማን ጺም ረጥቧል።

የሙሽራው ቤት ወዳለበት መንገድ መታጠፊያው ቀረበ። ሽመክት ፍጥነቱን ቀነሰ።

"ምንም አይሰማም አይደል?" አለ።

"እስካሁን አይሰማም።"

"ከተማውን አንድ ዙር ልጨምር እንዴ? እርግጠኛ እንድትሆን?"

ኡስማን ወደ ኋላ ዞሮ ልጁን አየ። "ጨምር" አለ።

ሽመክት መታጠፊያውን ትቶ ቀጥ ብሎ ነዳ።